የመስሚያ መሣሪያው መሳቢያ ውስጥ እንዳይቀር፦ ለጆሮ የሚስማማ መሰኪያ አመራረጥ

የመስማት ችግር ያጋጠመው ሰው የመስሚያ መሣሪያ እስኪያገኝ ድረስ ብዙ ይደክማል። ምርመራው ምልልስ አለው፤ መሣሪያው ገንዘብ ይጠይቃል፤ ቤተሰብም ተረባርቦ፣ ወይም ውጭ አገር ያለ ዘመድ ልኮ፣ ወይም በእርዳታ ተገኝቶ በመጨረሻ እጅ ይገባል። ይሁንና ይህ ሁሉ ተደክሞበት የተገኘ መሣሪያ ጥቂት ሳምንታት አገልግሎ ኮመዲኖ ውስጥ የሚቀመጥበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። «ለምን ተውከው?» ተብሎ ሲጠየቅ ከሚሰሙት ምላሾች መካከል «ጆሮዬን ያመኛል»፣ «ያሳክከኛል»፣ «ያፏጫል» የሚሉት ይገኙባቸዋል።

እነዚህ ሦስቱም ቅሬታዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚመነጩት ከመሣሪያው ማሽን ሳይሆን ጆሮ ውስጥ ከምትገባው ትንሽ መሰኪያ ነው። ባለሙያዎች «ኢርሞልድ» ይሏታል። ከመላው መሣሪያ ዋጋ ጋር ስትነጻጸር ርካሽ ብትሆንም፣ ባለቤቱ መሣሪያውን ቀኑን ሙሉ ያደርገዋል ወይስ ይተወዋል የሚለውን የምትወስነው ብዙ ጊዜ እርሷ ናት። በመሆኑም በዛሬው የጤና አምዳችን መሰኪያዋ ከምን ከምን እንደምትሠራ፣ ለማን የትኛው ዓይነት እንደሚሻልና ምቾት ስትነሳ ምን ማድረግ እንደሚገባ እንመለከታለን።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የመስማት ጤና ሪፖርት መሠረት በዓለማችን 1 ነጥብ 5 ቢሊዮን የሚሆኑ ሰዎች የተለያየ ደረጃ ያለው የመስማት ችግር ያለባቸው ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ 430 ሚሊዮን የሚሆኑት የተሐድሶ አገልግሎት ያስፈልጋቸዋል። ከነዚህም 80 በመቶ የሚጠጉት የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገራት ነው። የመስሚያ መሣሪያ ሊጠቅማቸው ከሚችሉት ሰዎች መካከል በትክክል የሚጠቀሙት 17 በመቶ ያህሉ ብቻ መሆናቸውንም ድርጅቱ ገልጿል። መሣሪያው ይህን ያህል ብርቅ በሆነበት ሁኔታ፣ ከተገኘ በኋላ በምቾት እጦት ምክንያት ሥራ ፈትቶ መቀመጡ እጥፍ ድርብ ኪሳራ ነው።

መሰኪያዋ ምን ትሠራለች?

ከጆሮ ኋላ የሚንጠለጠለው የተለመደው የመስሚያ መሣሪያ ሦስት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ድምፅ ተቀብሎ የሚያጎላው ማሽን ነው። ሁለተኛው ድምፁን የሚያስተላልፈው ቀጭን ቱቦ ነው። ሦስተኛው ጆሮ ውስጥ የሚገባው መሰኪያ ነው። መሰኪያው የጎላውን ድምፅ ወደ ታምቡር ያደርሳል፤ መሣሪያው እንዳይወድቅም ይይዛል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የጎላው ድምፅ ተመልሶ ወደ ውጭ እንዳይሾልክ ይዘጋል።

ይህ የመጨረሻው ተግባር ካልተሟላ ፉጨት ይመጣል። በሠርግ ድንኳን ውስጥ ማይክራፎኑ ወደ ድምፅ ማጉያው ሲጠጋ የሚፈጠረውን ጩኸት ሁላችንም እናውቀዋለን። በጆሮ ላይ የሚሆነውም ያው ነው። በክፍተት የሾለከው ድምፅ ተመልሶ ወደ ማይክራፎኑ ይገባል፤ እንደገና ይጎላል፤ ከዚያም ያፏጫል። ብዙዎች ታዲያ ፉጨቱን ለማስቆም መሣሪያውን ይቀንሱታል። ሲቀንሱት ቀድመው የሚጠፉት ደግሞ እንደ «ሰ»፣ «ሸ» እና «ፈ» ያሉት ስስ ድምፆች ናቸው። «ሰማ» የተባለው «ሸማ» ይመስላል፤ ንግግር ይሰማል ግን አይለይም። ሰውየው «መሣሪያው አልረዳኝም» ቢል አይፈረድበትም፤ ችግሩ ግን መሰኪያው በልኩ አለመሆኑ ሊሆን ይችላል።

መጠነኛ የመስማት ችግር ላለባቸው ሰዎች ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ እየተባሉ በልክ የሚመረጡ፣ ተዘጋጅተው የሚመጡ የጎማ ጫፎች ሊበቁ ይችላሉ። ችግሩ ከፍ ሲል ግን በራስ ጆሮ ልክ የተሠራ መሰኪያ ያስፈልጋል። የሁለት ሰዎች ጆሮ አንድ አይደለም፤ የአንድ ሰው ቀኝና ግራ ጆሮ እንኳ ይለያያል። ስለዚህ ከውጭ አገር የተላከ ያገለገለ መሣሪያ ከሆነ የቀድሞ ባለቤቱን መሰኪያ መጠቀም አይገባም። ማሽኑም በአዲሱ ባለቤት የመስማት ምርመራ ውጤት መሠረት በባለሙያ እንደገና መስተካከል አለበት።

ሦስቱ ዋና ዋና ማቴሪያሎች

የመጀመሪያው አክሪሊክ ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚተከልበት ድድ መሰሉ ፕላስቲክ የሚሠራው ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ጠንካራና ለስላሳ ገጽ ያለው በመሆኑ ወደ ጆሮ በቀላሉ ይንሸራተታል፤ ለማጽዳት ይቀላል፤ ለዓመታት ቅርጹን ሳይለቅ ያገለግላል። ሌላው ትልቅ ጥቅሙ የሚያም ቦታ ቢኖረው ባለሙያው እዚያው ሞርዶና አለስልሶ ሊያስተካክለው መቻሉ ነው። ጉድለቱ አለመተጣጠፉ ነው። ስናኝክና ስንናገር የጆሮ ቱቦ ቅርጹን ይቀያይራል። ይህን ለማረጋገጥ ትንሿን ጣትዎን ጆሮዎ አፍ ላይ ቀስ አድርገው ያኑሩና አፍዎን ይክፈቱ፣ ይዝጉ፤ የቱቦው ግድግዳ ሲንቀሳቀስ ይሰማዎታል። አክሪሊክ ይህን እንቅስቃሴ ስለማይከተል ከፍተኛ ድምፅ በሚፈልግ ጆሮ ላይ ክፍተት ሊፈጥርና ሊያፏጭ ይችላል።

ሁለተኛው ቪኒል የሚባለው ለስላሳ ፕላስቲክ ነው። በሰውነት ሙቀት ይበልጥ እየለሰለሰ ስለሚሄድ ጆሮን ጥሩ አድርጎ ይዘጋል፤ ሲገባም ብዙ አያስቸግርም። ይሁን እንጂ እያደር ይኮማተራል፣ ይደርቃል፣ ወደ ቢጫነትም ይለወጣል። ስለዚህ ከአክሪሊክ ይልቅ ቶሎ ቶሎ መቀየር ይኖርበታል። መጀመሪያ ተስማምቶ የነበረ የቪኒል መሰኪያ ከጊዜ በኋላ ማፏጨት ወይም መቆርቆር ቢጀምር ዕድሜው ማለቁን ማሰብ ይገባል።

ሦስተኛው ሲሊኮን ነው። የሕፃናት ጡጦ ጫፍ ከሚሠራባቸው ነገሮች አንዱ በመሆኑ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ለስላሳ ነው፤ ይተጣጠፋል፤ እንደ ቪኒል አይኮማተርም፤ ከቆዳ ጋርም በአብዛኛው ይስማማል። በዚህም ምክንያት ከፍተኛ የመስማት ችግር ላለባቸውና ለሕፃናት በስፋት ይመረጣል። የራሱ ጉድለቶችም አሉት። ገጹ ቆዳን ስለሚይዝ ወደ ጆሮ ለማስገባት ልምምድ ይጠይቃል፤ ከተሠራ በኋላ ሞርዶ ማስተካከል ያስቸግራል፤ ሙጫም በቀላሉ ስለማይዘው ቱቦው በልዩ ማያያዣ መታሰር አለበት። ሲሊኮን ራሱ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ በጣም ከሚለሰልሰው እስከ ጠንከር እስከሚለው ድረስ በደረጃ የተከፋፈለ ነው። ስለዚህ «ሲሊኮን ነው» ከተባለ በኋላ «ልስላሴው ምን ያህል ነው?» ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው።

ከእነዚህ ውጪ ቆዳቸው ለብዙ ነገር ለሚቆጣ ሰዎች ፖሊኢትሊን ከሚባለው ፕላስቲክ የሚሠራ መሰኪያ አለ። መልኩ ነጣ ያለ፣ ከሲሊኮን የሚጠነክር ነው። በመልኩ ባይወደድም አለርጂ ላስቸገራቸው ሰዎች መፍትሔ ይሆናል።

ለማን የትኛው ይሻላል?

«ለስላሳው ሁልጊዜ ይመቻል» ማለት ትክክል አይደለም። ምርጫው የሚወሰነው በመስማት ችግሩ መጠን፣ በዕድሜ፣ በእጅ ቅልጥፍና፣ በቆዳ ሁኔታና በጆሮው ቅርጽ ነው።

የመስማት ችግራቸው ቀላል ወይም መካከለኛ የሆነ ሰዎች አክሪሊክ ይበቃቸዋል፤ ብዙ ጊዜም ይመቻቸዋል። ጣታቸው ለሚንቀጠቀጥ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ላለባቸው አዛውንቶችም የተሻለው አክሪሊክ ሊሆን ይችላል። ለስላሳ ሲሊኮን እየተጣጠፈ አልገባም ሲል፣ አባት ወይም እናት ማለዳ ማለዳ ልጅ መጥራት ሊገደዱ ነው። በራስ እጅ ማስገባትና ማውጣት አለመቻል መሣሪያውን ለመተው በቂ ምክንያት ይሆናል። በዕድሜ ምክንያት የጆሮ ቱቦ ቆዳ ሲሳሳና ሲላላ ደግሞ ጠንካራው መሰኪያ ቀጥ ብሎ ለመግባት ይረዳል።

የመስማት ችግሩ ከፍተኛ ወይም እጅግ ከፍተኛ ከሆነ መሣሪያው የሚያወጣው ድምፅ ብርቱ ስለሆነ ጥሩ መዝጋት የግድ ነው። እዚህ ላይ ሲሊኮን ወይም ቪኒል ይመረጣል።

ሌላው ጥያቄ የአየር ቀዳዳ ነው። በመሰኪያው ውስጥ የሚበሳ ጠባብ ቀዳዳ ጆሮው አየር እንዲያገኝና «ስናገር ድምፄ ጋን ውስጥ እንዳለ ይሰማኛል» የሚለው ቅሬታ እንዲቀንስ ያደርጋል። የመስማት ችግሩ ቀላል ለሆነ ሰው ሰፋ ያለ ቀዳዳ ትልቅ እፎይታ ነው። ችግሩ ከፍተኛ ለሆነ ሰው ግን ሰፊ ቀዳዳ ፉጨት ስለሚያመጣ በጣም ጠባብ ይደረጋል ወይም ይቀራል። ስለዚህ የመታፈን ስሜት ሲኖር መሰኪያውን ከማውለቅ በፊት ቀዳዳው መስፋት ይችል እንደሆነ ባለሙያውን መጠየቅ ይገባል።

የሕፃናት ጉዳይ ጊዜ አይሰጥም

ሕፃን ቋንቋ የሚማረው በመስማት ነው። ለመስሚያ መሣሪያ የታዘዘለት ሕፃን መሣሪያውን ነቅቶ ባለበት ሰዓት ሁሉ ማድረግ አለበት፤ በወራት የሚቆጠር መስተጓጎል በንግግሩ ላይ ይታያል። ችግሩ የሕፃን ጆሮ በፍጥነት ማደጉ ነው። በመጀመሪያው ዓመት መሰኪያው በየአንድ እስከ ሦስት ወሩ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት በየሦስት እስከ ስድስት ወሩ፣ ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላም ቢያንስ በየዓመቱ መቀየር ሊያስፈልገው ይችላል። ለአዋቂ ሰው ግን በደንብ የተያዘ መሰኪያ ሁለትና ሦስት ዓመት ሊያገለግል ይችላል።

እዚህ ላይ ለወላጆች ሁለት ምክር አለን። የመጀመሪያው መሣሪያ ሲገዛ የአንድ መሰኪያ ዋጋ ብቻ ሳይሆን የቀጣዮቹንም አስቦ መነሳት ነው። ሁለተኛው መሰኪያው ከታዘዘ በኋላ በስንት ቀን እንደሚደርስ መጠየቅ ነው፤ ወራት ከዘገየ የሕፃኑ ጆሮ ልኩ ከተወሰደበት ጊዜ ይልቅ አድጎ ሊጠብቅ ይችላል። ትናንት ያላፏጨ መሣሪያ ዛሬ ማፏጨት ሲጀምር ልጁ አድጓል ማለት ሊሆን ስለሚችል ድምፁን ከመቀነስ ይልቅ አዲስ ልክ ማስወሰድ ያስፈልጋል።

ለልጆች ለስላሳ ማቴሪያል የሚመረጥበት ሌላም ምክንያት አለ። ልጅ ይሮጣል፣ ይወድቃል፣ ኳስ ጆሮውን ይመታዋል። ጠንካራ አክሪሊክ በዚህ ጊዜ ጆሮን ሊጎዳ ይችላል። ባለ ቀለም መሰኪያ ማዘዝም ቅንጦት አይደለም፤ ልጁ በገዛ ምርጫው ይወደዋል፤ ወድቆ ሲጠፋም በቀላሉ ይታያል። የመሣሪያው ትንሽ ክብ ባትሪ ግን ከተዋጠ ለሕይወት አደገኛ ስለሆነ የባትሪው ክዳን በልጅ እጅ የማይከፈት መሆኑን ያረጋግጡ። ልጅዎ ባትሪ የዋጠ ከመሰለዎት ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።

ሕመሙን በዓይን መፈለግ

በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ዘነበወርቅ አካባቢ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው ለሥጋ ደዌ ሕክምና፣ ተሐድሶና ሥልጠና ነው። በሥጋ ደዌ ምክንያት እግራቸው ስሜቱን ላጣ ሰዎች በልካቸው ለስላሳ ጫማ የሚሠራበት ወርክሾፕም አለው። ስሜት የሌለው እግር ጫማው ቢቆረቁረው አይናገርም፤ ስለዚህ ታካሚው እግሩን በየቀኑ በዓይኑ እንዲመረምር ይመከራል። ይህ ልማድ ለጆሮም ይሠራል። ሕፃን ልጅ «ያመኛል» አይልም። የመርሳት ችግር ያለባቸው አዛውንትም ሕመሙን ሳይናገሩ መሣሪያውን አውልቀው ይጥሉት ይሆናል። «አስቸገሩን፣ አይፈልጉትም» ከማለት በፊት ማታ ማታ መሰኪያው ሲወጣ ጆሮውን ብርሃን ላይ ማየት ያስፈልጋል።

ሲያዩ ምን ይፈልጋሉ? መቅላት ወይም መላላጡ አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ከሆነ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የመሰኪያው ቅርጽ ነው፤ አንድ ጠርዝ ይጫናል፣ ወይም ጫፉ ረዝሟል፣ ወይም ደግሞ መሰኪያው በትክክል አልገባም። የመሰኪያው የላይኛው ክፍል በጆሮ እጥፋት ሥር ሳይገባ ሲቀር ወደ ውጭ ይገፋልና ያማል፤ ስለዚህ በመጀመሪያ አገባቡን እንደገና ይሞክሩ።

መቅላቱና ማሳከኩ መሰኪያው የነካውን ቦታ ሁሉ ተከትሎ ከታየ፣ ሽፍታና እርጥበት ካለውም አለርጂ ሊሆን ይችላል። አክሪሊክ ሲመረት በደንብ ያልተጠናቀቀ ከሆነ በውስጡ የሚቀረው ኬሚካል አንዳንድ ሰዎችን ያስቆጣል። ይሁንና አለርጂ ነው ከመባሉ በፊት የሳሙና ቅሪት፣ የፀጉር ቅባትና የመሰኪያው ንጽሕና መፈተሽ አለባቸው። ማቴሪያሉ ከተቀየረም በኋላ ካልተሻለ የቆዳ ሐኪም ማየት ይኖርበታል። አለርት ዛሬ በቆዳ ሕክምና ከሚታወቁት የአገራችን ሆስፒታሎች አንዱ በመሆኑ ለአካባቢው ነዋሪ ቅርብ አማራጭ ነው።

ሦስተኛው ከባድ ማሳከክ፣ የታፈነ ስሜት፣ ሽታ ወይም ፈሳሽ ካለ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። በመሰኪያ ተዘግቶ የሚውል ጆሮ ሞቃትና እርጥብ ስለሚሆን ለፈንገስ ይመቻል። በዚህ ጊዜ መሰኪያውን አውጥቶ ወደ ጤና ተቋም መሄድ እንጂ ዘይት፣ የቅጠል ጭማቂ ወይም ከመድኃኒት ቤት በግምት የተገዛ ጠብታ ጆሮ ውስጥ መጨመር አይገባም። በተለይ የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ጆሯቸው ውስጥ የሚፈጠር ቁስለትና ብርቱ ሕመም ወደ አደገኛ ኢንፌክሽን ሊያመራ ስለሚችል አንድም ቀን መዘግየት የለባቸውም።

መግል የሚወጣው ጆሮ

በልጅነት ታሞ ሳይታከም የቀረ፣ ታምቡሩ ተቀዶ እየተመላለሰ የሚመግል ጆሮ በአገራችን ለመስማት ችግር ምክንያት ከሚሆኑት መካከል ነው። የማጅራት ገትር፣ ኩፍኝ፣ ተከታታይ ከፍተኛ ጩኸት፣ እርጅና፣ እንዲሁም መድኃኒት የተላመደ ቲቢን ለማከም ለዓመታት ይሰጡ እንደነበሩት እንደ ካናማይሲን ያሉ በመርፌ የሚሰጡ መድኃኒቶችም መስማትን ይጎዳሉ። እየመገለ ያለ ጆሮ ግን ከሌሎቹ ይለያል፤ በመሰኪያ ሲደፈን ፈሳሹ ታፍኖ ሕመሙ ይባባሳል። ስለዚህ አስቀድሞ በአንገት በላይ ሐኪም መታከምና መድረቅ አለበት። ከታከመ በኋላም ሰፋ ያለ የአየር ቀዳዳ ያለው መሰኪያ ሊታዘዝ ይችላል፤ ፈሳሹ እምቢ ላለው ሰው ደግሞ ጆሮውን ሳይደፍን በአጥንት በኩል ድምፅ የሚያስተላልፍ መሣሪያ አለ።

ልክ ሲወሰድ

ማቴሪያሉ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ልኩ በትክክል ካልተወሰደ አይመችም። ባለሙያው በመጀመሪያ ጆሮውን በመብራት መሣሪያ ማየት አለበት። ኩክ ካለ ይጠረጋል፤ የታምቡር ቀዳዳ ወይም የቀድሞ ቀዶ ሕክምና ካለ የተለየ ጥንቃቄ ይደረጋል። ቀጥሎ ክር የታሰረበት ትንሽ ጥጥ ወይም ስፖንጅ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ዋና ተግባሩ የሚጨመረው ሊጥ መሰል ነገር ወደ ታምቡር እንዳይደርስ መከላከል ነው። ከዚያ ሊጡ በሲሪንጅ ይሞላል፤ ጥቂት ደቂቃዎች ቆይቶ ሲጠነክር ይወጣል። ሂደቱ የመታፈን ስሜት ቢሰጥም ማመም የለበትም። ጆሮውን ሳያይ ወይም መከላከያውን ሳያስገባ ልክ ልውሰድ የሚል ሰው ካጋጠመዎት አይፍቀዱ።

ቀድሞ በጆሮዎ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልዎት ከሆነ፣ ጆሮዎ ይመግል ከነበረ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ ለፕላስቲክ ወይም ለጓንት ቆዳዎ የሚቆጣ ከሆነ ከመጀመሩ በፊት ይናገሩ።

ሲረከቡ ምን ይፈትሹ?

አዲሱን መሰኪያ ተቀብሎ ወዲያው ወደ ቤት መሄድ አይገባም። እዚያው ክሊኒኩ ውስጥ እያሉ ራስዎ ያስገቡት፣ ያውጡት፤ ባለሙያው ወይም ልጅዎ ሳይሆን እርስዎ። ከዚያ ይናገሩ፣ ያዛጉ፣ ብስኩት ካለ ያኝኩ፣ አንገትዎን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ያዙሩ። መነጽር ካለዎት ያድርጉ፤ ነጠላ ወይም ሻሽ የሚለብሱ ከሆነ ይልበሱት። በዚህ ሁሉ መካከል ካፏጨ ወይም ከቆረቆረ እዚያው ይናገሩ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ባዕድ ነገር የመኖር ስሜት ይጠበቃል። በቀን ጥቂት ሰዓት ጀምሮ ቀስ በቀስ መጨመር ይለማመዱ። ሕመም፣ መላላጥና ቁስለት ግን «ይለመዳል» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። አውልቀው ይመለሱ። የተቆጣውን ቦታ ባለሙያው በቀላሉ እንዲያገኘው ከቀጠሮው ቀን በፊት ጥቂት ሰዓት መሰኪያውን ማድረግ ይጠቅማል፤ ቁስል ካለ ግን ይቅር። በቤት ውስጥ በብርጭቆ ወረቀት መሞረድ፣ በእሳት ማለስለስ ወይም የተሰነጠቀውን በሱፐር ግሉ ማጣበቅ ጆሮን ይጎዳል፤ መሰኪያውንም ያበላሻል።

አያያዝ

ከማሽኑ የሚላቀቅ መሰኪያ ከሆነ ነቅለው ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ይጠቡት፤ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት። ማሽኑን ራሱን ውሃ አያስነኩት። በቱቦው ውስጥ የቀረውን ጠብታ በትንሽ የጎማ መንፊያ ያስወጡ፤ ሌሊቱን አድርቀው ጠዋት ይግጠሙት። አልኮልና በረኪና ማቴሪያሉን ስለሚያደርቁት አይጠቀሙባቸው። ኩክ የደፈነውን ቀዳዳ በመርፌ ወይም በክብሪት እንጨት ሳይሆን ለዚሁ በተሠራ ብሩሽ ወይም ክር ያጽዱ።

ለማስገባት የሚያስቸግር ሲሊኮን ሲኖር ቫዝሊን ከመቀባት ይልቅ በውሃ መሠረት የተዘጋጀ ማለስለሻ ባለሙያውን ይጠይቁ። ፀጉር ቅቤ ወይም ቅባት ሲቀቡ መሣሪያውን ያውልቁ፤ ቅባቱ ጆሮ ውስጥና በመሰኪያው ላይ ሲቀር ያሳክካል፣ ቀዳዳውንም ይደፍናል።

በክረምት ወራትና በኅዳርና ታኅሣሥ ብርዳማ ማለዳዎች ከጆሮ የሚወጣው ሞቃት አየር ቀዝቃዛው ቱቦ ውስጥ ወደ ውሃ ጠብታ ይለወጣል። ከአየር ጤና ወይም ከጦር ኃይሎች ታክሲ ለመያዝ ማለዳ የወጣ ሰው መሣሪያው በድንገት ጸጥ ሊልበት ይችላል። ተበላሸ ብሎ ከመደናገጥ በፊት ቱቦውን ብርሃን ላይ ማየት ይበቃል፤ ጠብታ ካለ ይነፋል። ቱቦው ሲደርቅና ቢጫ ሲሆን ግን መሰኪያው ሳይቀየር ቱቦው ብቻ ሊቀየር ይችላል፤ ይህም በየሦስት እስከ ስድስት ወሩ ሊያስፈልግ ይችላል።

የት ይኬዳል፣ ምን ይጠየቃል?

ለኮልፌ ቀራኒዮ ነዋሪዎች መነሻው በአቅራቢያ ያለው ጤና ጣቢያ ነው። ከዚያ በሪፈር የአንገት በላይ ሕክምና ወደሚሰጡ እንደ ቅዱስ ጳውሎስ፣ ጥቁር አንበሳና የካቲት 12 ወደ መሳሰሉት ሆስፒታሎች መሄድ ይቻላል። መስማት በድንገት፣ በሰዓታት ወይም በሁለትና ሦስት ቀን ውስጥ ከጠፋ ግን መሣሪያ መፈለግ ሳይሆን በአስቸኳይ ሐኪም ዘንድ መድረስ ይገባል።

መሰኪያ ከማዘዝዎ በፊት እነዚህን ይጠይቁ፦

– የመስማት ችግሬ ደረጃ ምን ያህል ነው? ለእርሱ የሚሻለው ማቴሪያል የትኛው ነው? ለምን?

– የአየር ቀዳዳ ይኖረዋል? በኋላ ማስፋት ወይም ማጥበብ ይቻላል?

– በስንት ቀን ይደርሳል? ካልተመቸኝ ማስተካከያው ወይም እንደገና መሥራቱ በዋጋው ውስጥ ተካትቷል?

– ማቴሪያሉ ካልተስማማኝ በሌላ መቀየር ይቻላል? ወጪውን የጤና መድኅኔ ወይም መሥሪያ ቤቴ ይሸፍነዋል?

እነዚህን መጠየቅ ባለሙያን መዳፈር አይደለም። የመስሚያ መሣሪያ ያለው ሰው በእድር ስብሰባ ላይ የሚባለውን፣ ቡና ላይ የሚወራውን፣ የልጅ ልጁ የሚጠይቀውን ለመስማት በቀን ውስጥ ለረጅም ሰዓት ማድረግ አለበት። የሚያም ነገር ደግሞ ለረጅም ሰዓት አይደረግም።

ውድ አንባብያን፣ በቤትዎ ወይም በጎረቤትዎ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ የመስሚያ መሣሪያ ካለ ዛሬውኑ አውጥተው ባለቤቱን «ምኑ ነው ያስቸገረዎት?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ «ያመኛል» ወይም «ያፏጫል» ከሆነ መሣሪያውንና መሰኪያውን ይዘው ወደ ባለሙያ ይሂዱ። አዲስ ማሽን ሳይገዛ መሰኪያውን ብቻ በማስተካከል ወይም በመቀየር ችግሩ ሊፈታ ይችላል።